ቦዲው ምን አጠፋ?

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው ሰሞን ስለ ድሮ የአሜሪካ መኪኖች ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ጥሩ ነበር፤ ፎቶዎቹም ልብ ይወስዳሉ። መጨረሻው ላይ ግን ጸሐፊው አንድ ነገር ጣል አድርገው ሄዱ። አዲስ ቦዲ የተገጠመለት የፎርድ ሙስታንግ ወይም የሸቭሮሌት ካማሮ "ፎርጅድ ነው፣ በአጠገቡም እንዳታልፉ" አሉ። ከዚያ ወዲህ ስልኬ አላረፈም። አንዱ ደንበኛ ያዘዘውን ቦዲ ልሰርዝ ይላል። ሌላው ደግሞ ጨርሰን ያስረከብነውን መኪና ሚስቱ "የውሸት ነው ተባለ እኮ" እያለች ትስቅበታለች። እናም ዝም ማለት አልቻልኩም።

እኔ ባትላሜራ ነኝ። ላሜራ መቀጥቀጥ የጀመርኩት በልጅነቴ፣ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ነው። አሁን ቨርጂኒያ ውስጥ የድሮ መኪና በሚያድስ ጋራዥ እሠራለሁ። ከምንሠራቸው አብዛኞቹ በ1960ዎቹና በ70ዎቹ መጀመሪያ የወጡት፣ እዚህ "መስል ካር" የሚሏቸው፣ ትልቅ ሞተር የተጫነባቸው ባለ ሁለት በር መኪኖች ናቸው። (ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ ቁጥር ላይ እንዳንጣላ።)

የጸሐፊው ነገር አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ሆነብኝ። ቦዲው ላሜራ ነው፣ ምንም አላጠፋም። የሚያጭበረብረው የአንዱን መኪና ቁጥር አንስቶ ሌላው ላይ ለጥፎ "ኦሪጅናል" ብሎ የሚሸጠው ሰው ነው። እነዚህን ሁለቱን ካልለየን ደህናውን ሠራተኛም ሌባውንም አንድ ላይ ጠርዘን እናስቀምጣቸዋለን፤ ገዢውም ማየት ያለበትን ትቶ የማያስፈልገውን ሲያይ ይውላል።

ለመሆኑ ሰው ለምን አዲስ ቦዲ ፈለገ? ፎርድ ሙስታንግን ለሕዝብ ያሳየው በኤፕሪል 1964 ነው። የወጣቶች መኪና ነበር፤ ዋጋው ቀላል፣ መልኩ የሚያምር። በገፍ ነው የተመረተው። በ1967 ሞዴል ብቻ 472,121 ሙስታንግ ወጥቷል። ከእነዚህ ውስጥ 356,271 ኩፔ ነው፣ ጣሪያው አጠር ብሎ የኋላ ኮፈኑ ለብቻው የሚታየው ተራው ሙስታንግ፤ ጣሪያው እስከ ኋላ ድረስ ተንሸራቶ የሚወርደው፣ ፋስትባክ የሚባለው ደግሞ 71,042 ብቻ። እነዚህን ቁጥሮች ያዙልኝ፤ የሌብነቱ ሥር እዚህ ነው፣ እመለስበታለሁ።

ያኔ ይኼ መኪና 60 ዓመት ይኖራል ብሎ ያሰበ አልነበረም። ዝገት የሚከላከል ነገር ብዙም አልተቀባም። ውሃ ገብቶ የማይወጣባቸው ስንት ጉድጓዶች አሉት። በዚህ ላይ በየክረምቱ በረዶ እንዲያቀልጥ መንገዱ ላይ የሚረጨው ጨው አለ። በዚህ አካባቢ የኖረ ሰው ስለ ጨው አይነገረውም።

የአገራችን ሰው ፎልስ ያውቃል። ፎልስ ወለሉና ቦዲው ለየብቻ ናቸው። ዙሪያውን ያሉትን ብሎኖች ፈትታችሁ ቦዲውን ከወለሉ ላይ ታነሱታላችሁ። የሻንሲ ቁጥሩ የተመታው የኋላ ወንበር ሥር፣ ወለሉ መሃል ላይ ነው። ስለዚህ ቦዲ ብትቀይሩም ቁጥሩ ከወለሉ ጋር ይቀራል፤ ማንም ምንም አይላችሁም። ሙስታንግ ግን ለብቻው ሻንሲ የለውም። ወለሉ፣ ጎኑ፣ ጣሪያው፣ ሞተሩ የሚቀመጥበት ሁሉ በነጥብ ብየዳ ተያይዞ አንድ አካል ነው። ይኼ ከበሰበሰ የመኪናው አጥንት በሰበሰ ማለት ነው።

የት እንደሚበሰብስ ላሳያችሁ። ከፊት መስታወቱ ሥር፣ ከኮፈኑ ኋላ፣ አየር የሚገባባቸው ቀጫጭን ቀዳዳዎች አሉ። ከቀዳዳዎቹ ሥር ሁለት ላሜራ ተደራርቦ የተበየደ ሳጥን አለ። ቅጠል ይገባል፣ አፈር ይገባል፣ ውሃ ይገባል። ቅጠሉ ውሃውን ይዞ ይቀመጣል። ከዓመታት በኋላ የታችኛው ላሜራ ይበሳና ዝናብ ሲጥል ውሃው እግራችሁ ላይ ይንጠባጠባል። ወለሉ ከምንጣፉ ሥር ረጥቦ ይከርማል። ከላይ የምታዩት ግን ፏ ያለ ቀይ ቀለም ነው! ሙስታንግ ልትገዙ ከሄዱ ምንጣፉን አስነሱ፣ ጎማ ቱቦ አምጥታችሁ እዚያ ቀዳዳ ላይ ውሃ ልቀቁበት፣ ከዚያ የእጅ ባትሪ ይዛችሁ ከዳሽቦርዱ ሥር ተኙና እዩ። ሻጩ ውሃ አታፍስሱ ካለ መልሱን አግኝታችኋል።

ያንን ሳጥን ለመጠገን የነጥብ ብየዳውን አንድ በአንድ በመሰርሰሪያ መብሳት፣ ላሜራውን ሳያጣምሙ መፈልቀቅ፣ አዲሱን አስተካክሎ መበየድ ይጠይቃል። ስለ አንድ ቦታ ብቻ ነው ያወራሁት። ወለሉ አለ። የኋላ ኮፈኑ ሥር አለ፤ እዚያ የቤንዚን ታንኩ ጣሪያ ራሱ ወለል ሆኖ ነው የተገጠመው። የኋላ ጎኖቹ አሉ። ሞተር የሚሸከሙት ሁለቱ ዘንጎች አሉ። ከዚህ ሁሉ ግማሹ የበሰበሰ መኪና ሲመጣ የምንጨምረው ላሜራ ከሚቀረው ይበልጣል። እንግዲህ ልጠይቃቸው፤ በር፣ ወለል፣ ጎን፣ ፓራፋንጎ ሁሉ አዲስ ላሜራ ተቀይሮለት ጣሪያው ብቻ የድሮ የሆነ መኪና "ኦሪጅናል" ነው፣ በአንዴ አዲስ ቦዲ የመጣለት ግን "ፎርጅድ" ነው? መስመሩ የቱ ጋ ነው? እኔ ከስንት ዓመት ሥራ በኋላ ያንን መስመር አላገኘሁትም፤ ጸሐፊው ካገኙት ይንገሩኝ።

ባዶ ቦዲ ማምረቱን ከአሜሪካኖቹ እንግሊዞች ቀድመዋል። ብሪቲሽ ሞተር ሄሪቴጅ የሚባለው ድርጅት የኤምጂ ቢ ስፖርት መኪናን ቦዲ እንደገና ማውጣት የጀመረው በ1988 ነው፤ ያውም የድሮው ፋብሪካ ይጠቀምባቸው የነበሩትን የላሜራ መምቻዎች ፈላልጎ ሰብስቦ። አሜሪካ ውስጥ ዳይናኮርን የተባለው የካሊፎርኒያ ድርጅት አለ፤ የካማሮም የሙስታንግም ሙሉ ቦዲ ያቀርባል፣ ላሜራው የሚመታው ታይዋን ነው። ፍሎሪዳ ያለው ሪል ዲል ስቲል ደግሞ የ1955 እስከ 57ቱን ሸቭሮሌት ይዟል። ዋናው ባለቤት ራሱ፣ ፎርድ ማለቴ ነው፣ በ2011 የ1965ቱን ጣሪያው የሚታጠፍ ሙስታንግ ባዶ ቦዲ በፈቃዱ እንዲመረት አድርጎ ሲያስተዋውቅ ዋጋው ከ15,000 ዶላር ይጀምር ነበር። በሮቹና የኋላ ኮፈኑ አብረው ይመጣሉ። የፊት ኮፈንና የፊት ፓራፋንጎ ግን ለብቻ ነው የሚገዛው። እንዲህ ስሙን ሰጥቶ፣ በአደባባይ አስተዋውቆ የሸጠውን ዕቃ ምኑን ፎርጅድ እንለዋለን?

ደግሞ ዋጋው አያሳስታችሁ። አንዳንድ ወንድሞች "15 ሺህ ከሆነማ አንድ እናምጣ" ይሉኛል። የሚመጣላችሁ ጥቁር ፀረ-ዝገት ቀለም የተነከረ ባዶ ላሜራ ነው። መስታወት የለው፣ መሪ የለው፣ ሽቦ የለው፣ ወንበር የለው። የመስኮት ማውጫው፣ ፍሬኑ፣ ባሌስትራው፣ ካምቢዮው፣ ያ ሁሉ ኒኬል፣ እስከ በሩ ላስቲክ ድረስ ወይ ከአሮጌ መኪና ይፈታል ወይ ይገዛል። ለዚህ ነው ብልጡ ሰው መጀመሪያ ቦዲው የበሰበሰ፣ ዕቃው ግን የተሟላ አሮጌ መኪና የሚፈልገው።

ቦዲው ቢመጣም ሥራው አላለቀም። "አዲስ ነው፣ ቀለም ቀብቶ መገጣጠም ነው" የሚል ሰው ሲገጥመኝ ዝም ብዬ አየዋለሁ። በሩን ስትዘጉት ዙሪያውን ያለው ክፍተት ከላይ ጠቦ ከታች ይሰፋል። ማጠፊያውን ትፈታላችሁ፣ ትገፋላችሁ፣ ታስራላችሁ፣ ትዘጋላችሁ፤ አሁን ደግሞ የኋላው ጠርዝ ወጣ ይላል። ብዙው ሰው እዚህ ላይ ይሰለችና በስቱኮ ይሞላዋል። ስቱኮ ለፀጉር ያህል ነው እንጂ ለጣት ያህል አይደለም! እኛ ቤት ቀለም ከመነካቱ በፊት መስታወቱም ላስቲኩም ኒኬሉም አንዴ ይገጠማል። ተገጥሞ ይታያል። ከዚያ ሁሉም ይፈታል። ደንበኛው "ለምን ታፈርሱታላችሁ?" እያለ ሲጨነቅ ማየት የተለመደ ነው። ይኼን ሳያደርግ ቀለም የቀባ ሰው የኋላ መስታወቱን ሲገጥም አዲሱን ቀለም ፍቆት ቁጭ ይላል።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንምጣ፤ ዋናው ጉዳዬ እሱ ነው።

አገር ቤት ሊብሬ ላይ የሻንሲ ቁጥርና የሞተር ቁጥር ይጻፋል። እዚህም ታይትሉ፣ የባለቤትነት ወረቀቱ ማለት ነው፣ ላይ ያለው ቁጥር ነው መኪናውን መኪና የሚያደርገው። የ1967 ሙስታንግ ቁጥሩ የተመታው ሾፌሩ በኩል፣ ኮፈኑ ሲከፈት በሚታየው የውስጥ ፓራፋንጎ ጠርዝ ላይ ነው። የውጪው ፓራፋንጎ ካልተነሳ የማይታይ ቦታ ላይም ተደግሞ ይመታል። በሩ ላይ ደግሞ የፋብሪካ ሰሌዳ አለ። ቁጥሩ ዝም ብሎ ቁጥር አይደለም፤ ይናገራል። ለምሳሌ "7 አር 01 ሲ" ብሎ ከጀመረ፣ 7 የ1967 ሞዴል ነው፣ "አር" ካሊፎርኒያ ሳን ሆዜ ፋብሪካ የተሠራ ነው፣ 01 ኩፔ ነው፣ "ሲ" ደግሞ የሞተሩ ዓይነት ነው። ፋስትባክ ቢሆን 02 ይል ነበር። ጣሪያው የሚታጠፍ ከሆነ 03። በ1965 እና 66 ሞዴሎች ኩፔው 07፣ ጣሪያው የሚታጠፈው 08፣ ፋስትባኩ 09 ነው። ይኼን ስልካችሁ ላይ ጻፉት፤ መካኒክ መሆን አያስፈልግም።

አንድ የአገራችን ልጅ፣ ስሙ ይቆየን፣ ከሌላ ስቴት የ67 ፋስትባክ ገዝቶ መጣ። ለዓመታት ያጠራቀመውን ነው የከፈለው። ማስታወቂያው "ኦሪጅናል ቦዲ፣ ዝገት አይቶ አያውቅም" ይል ነበር። ወደ እኛ ያመጣው ለፍሬን ነው። ኮፈኑን ስከፍት ዓይኔ በልማድ ወደ ፓራፋንጎው ጠርዝ ሄደ። ምንም የለም። ልስልስ ያለ ቀለም። የኋላ ኮፈኑን ከፍቼ በጎኑ ባለው ቀዳዳ ባትሪ ሳበራ ውስጡ ጥቁር ነው፤ ያ ከፋብሪካ የሚመጣው የአዲስ ቦዲ ንክር። በሩ ላይ ያለው ሰሌዳ አዲስ ሪቬት ተመቶበታል። ታይትሉን አምጣ አልኩት። "7 አር 01 ሲ"። ኩፔ! የቆመው መኪና ግን ፋስትባክ ነው። ልጁ ቁጥሩን ደጋግሞ አነበበው፤ መጀመሪያ የታይትል ቢሮው ስህተት መሰለው። አይደለም። አንድ ሰው ኩፔ ጨፍልቆ ወረቀቱን አስቀርቶ፣ አዲስ ፋስትባክ ቦዲ ገዝቶ፣ ሰሌዳውን ለጥፎ፣ እንደ ኦሪጅናል አስከፍሎታል። ቁጥሮቹን ያዙልኝ ያልኳችሁ ለዚህ ነው፤ ፋስትባኩ ጥቂት ስለሆነ ከኩፔው ይወደዳል። ጉዳዩ አሁን በጠበቃ እጅ ነው። መኪናው ጋራዣችን ጥግ ቆሟል፤ ፍሬኑን አልነካንም።

ይኼን ታሪክ ለምን እንደምጽፈው ልብ በሉ። ያ ቦዲ በሥራው ምንም እንከን አይወጣለትም። ብየዳው ንጹህ ነው፤ እንዲያውም ከ1967ቱ የበለጠ የነጥብ ብየዳ አለው። ሻጩ "ይኼ አዲስ ቦዲ ነው፣ ወረቀቱም እንዲህ ነው" ብሎ ቢሸጠው ገዢ አያጣም ነበር። ዋጋው ግን ይወርዳል። የዋሸውም ለዚህ ነው።

ኦሪጅናልነት ምን ያህል እንደሚያወጣ ለማየት የ1969ን ካማሮ ተመልከቱ። በዚያ ዓመት ከተሠሩት ከሁለት መቶ ሺህ በላይ ካማሮዎች ውስጥ ዜድኤል ዋን የተባለው፣ ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ከአሉሚኒየም የሆነው፣ 69 ብቻ ነው። 69! የ69 ካማሮ ቁጥር ደግሞ ስምንት ሲሊንደር መሆኑን እንጂ የትኛው ስምንት ሲሊንደር እንደሆነ አይናገርም። ስለዚህ ማንም ተነስቶ "የኔ ልዩው ነው" ቢል ቁጥሩን አይቶ ውሸታም ማለት አይቻልም። ሞተሩ ላይ የተመታው፣ የፋብሪካ ወረቀቱ፣ የድሮ ደረሰኙ ነው የሚፈርደው። በዚህ መደብ የሚገዛ ሰው ከእኔ ቢጤ ሠራተኛ አልፎ ያንን አንድ ሞዴል ብቻ ሲያጠና የኖረ ሰው መቅጠር አለበት።

ሕጉስ? የፌደራሉ ሕግ የመኪና መለያ ቁጥር ያነሳ ወይም የለወጠ ሰውን እስከ 5 ዓመት እስራት ያስቀጣዋል። ለጥገና ግድ ሆኖ ለሚያነሳ ሠራተኛ ልዩ ሁኔታ አለው። ግን እያንዳንዱ ስቴት የራሱ ሕግ አለው፤ እዚያ ላይ ነው ሰው የሚጎዳው። ካንሳስ የሆነውን ብዙ የመኪና ሰው ያውቀዋል። አንድ ሰው ኢንዲያና ውስጥ የ1959 ኮርቬት በ50 ሺህ ዶላር አካባቢ ገዛ። በ2017 አገሩ ካንሳስ ሊያስመዘግብ ለፍተሻ ሲያቀርበው፣ ቀድሞ ያደሰው ሰው ለሥራ ሲል የቁጥር ሰሌዳውን አንስቶ መልሶ መምታቱ ታወቀ። ፖሊስ መኪናውን ያዘው። የስቴቱ ሕግ በዚያን ጊዜ እንዲህ ያለው መኪና ይጨፍለቅ ነበር የሚለው። ሰውየው አልሰረቀ፣ አላጭበረበረ፣ ሰሌዳውንም እሱ አልነካ። ለዓመታት ፍርድ ቤት ተመላለሰ። በመጨረሻ የካንሳስ ምክር ቤት በ2022 ሕጉን አሻሻለው። ኮርቬት ደግሞ ቦዲው ፋይበርግላስ ነው፣ ስለ አዲስ ቦዲ ምንም የሚወራበት አይደለም። ጉዳዩ ሁሉ የአንዲት ሰሌዳ ጉዳይ ነበር!

ስለዚህ እኛ ጋ ሥራ ሲመጣ መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ ቀለም አይደለም፣ ስለ ወረቀት ነው። ቨርጂኒያ ከተለያየ ዕቃ ተገጣጥሞ ለተሠራ መኪና፣ በመሠረቱ ለተለወጠ መኪና፣ ለቅጂ መኪና የየራሱ የምዝገባ መደብ አላት። ፍተሻ አለው፣ ጣጣ አለው፣ ቀጠሮ አለው፣ እውነት ነው። ግን አንዴ በትክክለኛው ስሙ ከተመዘገበ በኋላ መኪናውን ለልጃችሁ ብታወርሱት ልጁ ጣጣ አይወርስም። የቦዲውን የግዢ ደረሰኝ፣ የፈታችሁትን አሮጌ መኪና ታይትል፣ ሥራው ሲካሄድ የተነሳውን ፎቶ አንድ ፋይል ውስጥ አስቀምጡ። ቁጥር ያለበትን አሮጌ ላሜራ ማንም "ቆርጠህ አዲሱ ላይ በይድልኝ" ቢለኝ አልሠራም። የስቴቱን ሰዎች ሳይጠይቅ "እኔ አውቃለሁ፣ ችግር የለውም" የሚል ጋራዥ ካጋጠማችሁ ቁልፋችሁን ተቀብላችሁ ውጡ።

ኢንሹራንሱንም አትርሱ። እንዲህ ያሉ መኪኖች ዋጋቸው ላይ ከኩባንያው ጋር አስቀድሞ ተስማምተው ነው ኢንሹራንስ የሚገባላቸው። ያልሆነውን "ነው" ብላችሁ ካስመዘገባችሁ፣ አደጋ በደረሰ ቀን የኩባንያው ሰው እኔ ያየሁትን ያያል።

ሙሉ መኪና አዲስ ቦዲ ላይ ሠርተው የሚሸጡ ድርጅቶች ደግሞ ሌላ መንገድ አላቸው። በ2015 የወጣ የፌደራል ሕግ አነስተኛ አምራቾች ቢያንስ የ25 ዓመት ዕድሜ ያለውን ሞዴል የሚመስል መኪና በዓመት እስከ 325 ድረስ እንዲያመርቱ ይፈቅዳል፤ ሞተሩ ግን የዘመኑን የጭስ ደረጃ ማሟላት አለበት። እዚህ ላይ ማንም ስለ 1967 አይዋሽም። መኪናው የዚህ ዘመን ነው፣ መልኩ የድሮ ነው፣ ገዢውም ያውቃል።

ጸሐፊው አንድ ነገር ላይ ግን ልክ ናቸው። የድሮ ላሜራ ዋጋ አለው። ብርቅ የሆነ መኪና፣ የታወቀ ታሪክ ያለው መኪና፣ ወይም አባት ለልጁ የተወው መኪና ከሆነ እኔም አዲስ ቦዲ አልመክርም። ወጪው ሦስት እጥፍ ቢሆንም ያንኑ ላሜራ ቆርጠን ቀጥለን እናድነዋለን። ሶማሌ ተራ ያስተማሩኝ ሰዎች ዝርግ ላሜራ ወስደው፣ አሸዋ ላይ በመዶሻ እየቀጠቀጡ ሙሉ ፓራፋንጎ የሚያወጡ ነበሩ፤ መለዋወጫ አልነበረማ! እዚህ ያ ሙያ ያለው ሰው እየጠፋ ነው፣ ያለውም በውድ ነው የሚከፈለው። ወጣቶቹ ባዶ ቦዲ ማስተካከል ይችላሉ፤ የተጣመመ ላሜራ በእሳትና በመዶሻ መመለስ ግን ብዙዎቹ አልሞከሩትም። ይኼ ያሳስበኛል። በተራ ኩፔ ላይ ግን፣ በመቶ ሺዎች ከወጣው ላይ፣ ግማሹ ዝገት ሆኖ ሳለ ሰው ሁለት እጥፍ እንዲከፍል የማስገድድበት ምክንያት አይታየኝም።

ብዙ ሰው የሚጠይቀኝን አንድ ነገር ደግሞ በዚሁ ልመልስ፤ "አድሰህልኝ አዲስ አበባ ብወስደውስ?" ኢትዮጵያ በ2024 የነዳጅ መኪና ማስገባት ከልክላለች። በዚህ ተስፋ ሥራ የምታስጀምሩ ካላችሁ መጀመሪያ አገር ቤት ጉምሩክን ጠይቁ፤ እኔ መኪና እንጂ ፈቃድ አልሠራም።

አሁን ለእናንተ ለአዘጋጆቹ አንድ ጥያቄ አለኝ። የማስታወቂያ ገጻችሁ ላይ የድሮ መኪና ሽያጭ በየጊዜው ይወጣል። "ክላሲክ፣ እንደ አዲስ፣ ደውሉ" ተብሎ ያልቃል። ከ1981 በፊት የወጣ መኪና ሲሆን ሻጩ ሁለት መስመር እንዲጨምር ብታስገድዱ ምን ይላችኋል? አንደኛው፣ ቦዲው የድሮው ነው ወይስ አዲስ የተገዛ። ሁለተኛው፣ ታይትሉ ላይ መኪናው በምን መደብ እንደተመዘገበ። ቦታ አይፈጅም። ለመጻፍ ፈቃደኛ ያልሆነ ሻጭ ካለ ገንዘቡን መልሱለት። የሚያጠራጥር ነገር ከገጠማችሁ ደግሞ ደውሉልኝ፤ ስልኬን ቢሮአችሁ ትቼላችኋለሁ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነፃ ነኝ፣ ባትሪዬን ይዤ እመጣለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ባትላሜራ፣ ከቨርጂኒያ